ልጅ ሲሰጥም አይጮህም

ሕፃን ውሃ ውስጥ ገባ በተባለ ቁጥር ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «እናቱ የት ነበረች?» ብሎ ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ «እዚያው» ይሆናል። ልብስ እያሰጣች፣ ታናሹን እያጠባች፣ ስልክ እያነሳች፣ አንዳንዴም ከልጁ ጥቂት እርምጃ ርቃ ተቀምጣ። ጥያቄው ፈርዶ ያልፋል እንጂ ለሚቀጥለው ልጅ የሚፈይደው ነገር የለም። የሚፈይደው ሌላ ጥያቄ ነው፦ በልጁና በውሃው መካከል ምን ነበረ? የነበረው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ያ ሰው ፊቱን ባዞረበት ደቂቃ ምንም አልነበረም ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ በ2021 ብቻ በመላው ዓለም 300 ሺህ ያህል ሰዎች ሰጥመው እንደሞቱ ገምቷል። ወደ ሩብ የሚጠጉት ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። ከ1 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች መስጠም ከሞት መንስኤዎች 4ኛው፣ ከ5 እስከ 14 ዓመት ላሉት ደግሞ 3ኛው ነው። ከአሥር ሟቾች ዘጠኙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። በጎርፍ አደጋና በጀልባ መገልበጥ የሚሞቱት በዚህ ስሌት ውስጥ ስለማይገቡ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ይበልጣል። መልካሙ ዜና ከ2000 ወዲህ የሞቱ መጠን በ38 በመቶ መቀነሱ ነው። የቀነሰው በዕድል አይደለም፤ ምን እንደሚሠራ ስለታወቀ ነው።

የሚሰጥም ልጅ ለምን እንደማይጮህ ለመረዳት አፉ የት እንዳለ ማሰብ ይበቃል። አፉ ከውሃው በላይ ብቅ የሚለው ለአፍታ ነው። በዚያች አፍታ ያለውን ትንፋሽ አውጥቶ አዲስ ቢስብ ነው፤ ለድምፅ የሚተርፍ አየር የለውም። እጆቹም አይታዘዙትም። ወደ ጎን ተዘርግተው ውሃውን ወደ ታች ይጫናሉ፣ አፉን ከፍ ለማድረግ። ይህ ደመ ነፍስ የሚያደርገው ነገር ነውና ልጁ ላቁመው ቢልም አይችልም። ስለዚህ እጁን አያውለበልብም፣ የተወረወረለትን ገመድ አይዝም፣ ወደ ዳር አይቀዝፍም። እግሮቹም እምብዛም አይንቀሳቀሱም፤ ሰውነቱ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ከ20 እስከ 60 ሴኮንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ይሰጥማል። ይህን አስተውሎ የገለጸው ፍራንክ ፒያ የተባለ አሜሪካዊ ነፍስ አድን ዋናተኛ ሲሆን፣ በሥራው ላይ ያጋጠሙትን አደጋዎች በፊልም እያስቀረጸ ነበር ያጠናቸው።

ከዳር ሆኖ ለሚያይ ሰው ትዕይንቱ አያስደነግጥም። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ያዘነበለ፣ አፉ ከውሃው እኩል የሆነ፣ ፀጉሩ ግንባሩና ዓይኑ ላይ ተለጥፎ የማያነሳው ልጅ የሚጫወት ሊመስል ይችላል። የማይታይ መሰላል የሚወጣ የሚመስልበት ጊዜም አለ። ሲጠራጠሩ ይጠይቁት፦ «ደህና ነህ?» ከመለሰ ደህና ነው። ካልመለሰ ያለዎት ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ ላይበልጥ ይችላል። በውሃ አጠገብ የሚያሰጋው የልጆች ጫጫታ ሳይሆን ጫጫታው ሲቆም ነው። እየጮኸ እጁን የሚያወዛውዝ ልጅ ካለም ቀልድ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም፤ እሱ ገና ራሱን መርዳት የሚችልበት ደረጃ ላይ ነው፣ ያ ደረጃ ግን ቶሎ ያልፋል።

ከውሃው በታች የሚሆነውም ፈጣን ነው። ልጁ ትንፋሹን ይይዛል፣ ከዚያ ሳይወድ ይስባል፣ ውሃ ወደ አየር ቧንቧው ይገባል፣ በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን እየወረደ ይሄዳል። በሁለት ደቂቃ ገደማ ራሱን ሊስት ይችላል። ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ሲሆን አንጎል መጎዳት ይጀምራል። ልብ የሚቆመው በመጨረሻ ነው፣ የሚቆመውም ኦክስጅን በማጣት ነው። ይህን ቅደም ተከተል ልብ ይበሉ፤ ሕይወት ለማትረፍ ምን መቅደም እንዳለበት የሚወስነው እሱ ነው።

አሁን ወደ ቤት እንመለስ፤ የትንንሾቹ አደጋ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። ድክ ድክ የሚል ሕፃን ጭንቅላቱ ከቀረው ሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ከባድ ነው። ባልዲ ውስጥ ለማየት ሲያጎነብስ ክብደቱ ወደፊት ይወስደውና በጭንቅላቱ ይገባል። እጆቹ ገና አልጠነከሩም፣ ባልዲው ደግሞ ውሃ ስላለበት አይገለበጥም፤ ስለዚህ ራሱን መልሶ ማውጣት አይችልም። አፍና አፍንጫን የሚሸፍን ውሃ ካለ በቂ ነው፤ 5 ሴንቲሜትር ያህል ጥልቀት ሕፃን ለመግደል ይበቃል። ልብስ የተዘፈዘፈበት ሳፋ፣ ክዳኑ የተከፈተ በርሜል፣ ወለል ለመወልወል የተቀዳ ውሃ፣ የሽንት ቤት መቀመጫ፣ ለግንባታ ተቆፍሮ ዝናብ የሞላው ጉድጓድ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። መፍትሔው አድካሚ አይደለም፦ ተጠቅሞ መድፋት፣ መድፋት የማይቻለውን መክደን፣ የማይከደነውን ማጠር። የጉድጓድ ክዳን ልጅ ሊያነሳው የማይችል ክብደት ያለው ወይም የሚቆለፍ መሆን አለበት። ቆርቆሮ ጣል ማድረግማ ልጁ የሚረግጠው ወጥመድ መሥራት ነው።

በማጠቢያ ገንዳ የሚታጠብ ሕፃን ለቅጽበት እንኳ ብቻውን አይተውም። በር ቢንኳኳ፣ ስልክ ቢጮህ፣ ፎጣ ቢረሳ፣ ልጁ ታቅፎ አብሮ ይሄዳል። ሕፃን አስቀምጦ የሚያሳጥበው የፕላስቲክ ወንበር ለእናት እጅ ማረፊያ እንጂ ለልጁ መጠበቂያ አይደለም፤ ይንሸራተታል፣ ይገለበጣል። እንዲያውም ወንበሩ የሚሰጠው የደኅንነት ስሜት ከገንዳው ይልቅ አስጊ ይመስለኛል። የ6 ወይም የ7 ዓመት ታላቅ እህትም «እያየሽው» ተብላ ልትተው አይገባም። ልጅ ሌላ ልጅ ከውሃ የማውጣት ጉልበቱም ፍርዱም የለውም፤ ክፉ ቢደርስ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ የምትሸከመውን ሸክም አስረከብናት ማለት ነው።

የመዋኛ ገንዳ ያለበት ግቢ ዋናው ነገር አጥር ነው፤ አጥሩ ግን የግቢው አጥር አይደለም። ግቢውን በሙሉ የሚከብብ አጥር የጎረቤትን ልጅ ያግድ ይሆናል፤ ከቤቱ በር ወጥቶ በቀጥታ ወደ ገንዳው የሚሄደውን የቤቱን ልጅ ግን አያቆመውም። ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት ገንዳውን ብቻ በአራቱም ጎን ከቤቱ የሚለይ አጥር እጅግ እንደሚበልጥ ነው። ቁመቱ ቢያንስ 1.2 ሜትር፣ የቋሚዎቹ ክፍተት ከ10 ሴንቲሜትር ያልበለጠ፣ ለመወጣጫ የሚሆን አግዳሚ የሌለው፣ በሩ በራሱ ተመልሶ የሚዘጋና የሚቆለፍ መሆን አለበት። በሩን በድንጋይ ደግፎ ክፍት ማድረግ አጥሩን ማፍረስ ነው። ከጨዋታ በኋላ ኳስና አሻንጉሊት ገንዳው ላይ እንዳይቀሩ ያድርጉ፤ ሕፃን የሚሄደው ወደ ውሃው ሳይሆን ወደ ኳሱ ነው።

ኩሬና ቦይ በየደጁ በሆነበት ቦታስ? ሁሉን ማጠር አይቻልም። የባንግላዴሽ ተሞክሮ እዚህ ላይ የሚያስተምረው አለ። በዚያ አገር ገጠሮች ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በብዛት የሚሰጥሙት ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት፣ እናቶች በቤት ሥራ በሚጠመዱበት ሰዓት መሆኑ ተደረሰበት። ስለዚህ በየመንደሩ ሕፃናቱ በዚያ ሰዓት የሚውሉበት ማቆያ ተከፈተ፤ ጠባቂዎቹ የመንደሩ ሴቶች ሆኑ። በማቆያው በዋሉ ሕፃናት ላይ በመስጠም የመሞት አደጋ በ82 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ከፍ ላሉት ልጆች የተሰጠው መሠረታዊ የዋና ትምህርት ደግሞ አደጋውን ከ90 በመቶ በላይ ቀንሶታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ ሁለቱንም ይመክራል። ከዚህ የምወስደው ነገር ቀላል ነው፦ እናቲቱን «ተጠንቀቂ» ማለት ምንም አላመጣም፤ ሰዓቱን አውቆ ልጁን የሚይዝ ሌላ እጅ ማዘጋጀት ግን ለውጡን አመጣው። ማቆያ በሌለበት፣ ሁለት ጎረቤታሞች ተራ ገብተው ልጆቻቸውን መያዝ ይችላሉ።

ልጆቹ ውሃ ውስጥ እያሉ መጠበቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። መዋኘት ለማይችል ወይም ገና ለጀመረ ልጅ ጠባቂው አብሮት ውሃ ውስጥ፣ እጅ በሚደርስበት ርቀት መሆን አለበት። ስልክ፣ መጽሐፍ፣ ጨዋታ፣ መጠጥ የለም። ብዙ ትልልቅ ሰዎች በተሰበሰቡበት ቦታ አደጋው ይቀንሳል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ ሁሉም ሌላው እያየ ይመስለዋል። ስለዚህ አንድ ሰው በስም ይመደብ፣ በየ15 ደቂቃው ይቀየር፣ ተረካቢው «ተረክቤአለሁ» ሳይል የመጀመሪያው አይነሳ። ነፍስ አድን ዋናተኛ ቢኖርም የወላጅን ቦታ አይተካም፤ እሱ የሚያየው መቶ ልጅ ነው፣ እርስዎ የሚያዩት አንዱን። ልጅ ከዓይን ከጠፋ ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው ውሃው ነው። ክፍሎቹና ሰፈሩ ይቆዩ፤ እዚያ ከሆነ ይጠብቃል።

የመዋኛ ልብስ ቀለም ሰው የማያስበው ጉዳይ ነው። ነጭና ሰማያዊ ውሃ ውስጥ ይጠፋሉ፤ ደማቅ ብርቱካንማና ሮዝ ግን ርቀው ይታያሉ። ልብሱ ለልጁ ሲገዛ ይህን ማሰብ ምንም አያስከፍልም።

ዋና ማስተማርን በተመለከተ አንዳንድ ወላጅ «ከተማረ ይደፍራል» ብሎ ይፈራል። ማስረጃው ተቃራኒውን ያሳያል፤ ከ1 እስከ 4 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ እንኳ መደበኛ የዋና ትምህርት አደጋውን እንደሚቀንስ ተጠንቷል። ልጁ ከሁሉ በፊት መማር ያለበት ፍጥነት አይደለም። ድንገት ቢወድቅ ወደ ላይ መውጣት፣ በጀርባው ተንሳፎ መተንፈስ፣ ዞሮ መውጫውን መፈለግና ወደዚያ መድረስ ነው። ይህም ሆኖ የተማረ ልጅ አይሰጥምም ማለት አይደለም። ጸጥ ባለ ገንዳ ውስጥ የሚዋኝ ልጅ በደፈረሰ ወንዝ ውስጥ ጀማሪ ነው።

በክንድ ላይ የሚጠለቁና በአየር የሚነፉ መንሳፈፊያዎች መጫወቻ ናቸው። ይተነፍሳሉ፣ ይወልቃሉ፣ ልጁም የሌለውን ችሎታ ያለው እንዲመስለው ያደርጋሉ። በጀልባ ላይ ወይም በጥልቅ ውሃ ዳር የሚያስፈልገው በልጁ ክብደት ልክ የተሠራ የሕይወት አድን ጃኬት ነው። ልኩን ለማወቅ አስረው ከትከሻው ወደ ላይ ሳብ ያድርጉት፤ ጃኬቱ ወደ ጆሮው ከወጣ ሰፊ ነው። ለትንንሾቹ በእግሮቻቸው መካከል የሚያልፍ ማሰሪያና ጭንቅላት የሚደግፍ ኮሌታ ያለው ይመረጣል። «ሲያድግ ይሆነዋል» ተብሎ የሚገዛ ነገር ይህ አይደለም።

ወንዝ፣ ሐይቅና ባሕር የራሳቸው ባሕርይ አላቸው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ላይ ላዩ ጸጥ ያለ ወንዝ ከታች በኃይል ሊሄድ፣ ወለሉም በአንድ እርምጃ ከጉልበት ወደ ራስ በላይ ሊወርድ ይችላል። ጎርፍ ደግሞ ጥልቀት አያስፈልገውም፤ በፍጥነት የሚሄድ 15 ሴንቲሜትር ውሃ ትልቅ ሰው ሊጥል፣ 60 ሴንቲሜትር ደግሞ አብዛኛውን መኪና ሊወስድ ይችላል። ልጅ ተማሪ ቤት ደርሶ ሲመለስ የሚሻገረው ጅረት ጧት ደረቅ፣ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሊሆን ይችላልና «ከሞላ አትሻገር፣ ጠብቀን» የሚለው ቃል ቀድሞ መነገር አለበት፤ በመዘግየቱ እንደማይቆጡትም ጭምር። ወንዝ ከወሰደው በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሩን ውሃው ወደሚሄድበት አስቀድሞ፣ እየተንሳፈፈ ቀስ በቀስ ወደ ዳር ማምራት አለበት። በኃይል በሚሄድ ውሃ ውስጥ ለመቆም መሞከር እግር በድንጋይ መካከል እንዲያዝ ያደርጋል።

በባሕር ዳርቻ ሞገድ የማይሰበርበት ጸጥ ያለ መተላለፊያ የሚመስል ቦታ ለልጅ የተመቸ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን ወደ ጥልቁ የሚጎትተው የውሃ ፍሰት ያለው እዚያ ነው። ያ ፍሰት ሰውን ወደ ታች አይስብም፣ ወደ ውስጥ ይወስዳል። ፊት ለፊት የሚታገለው ዋናተኛ ይደክምና ይሰጥማል፤ ከባሕሩ ዳር ጋር ትይዩ ሆኖ ወደ ጎን የሚዋኝ ግን ከጠባቡ ፍሰት ይወጣል። መዋኘት ካቃተው ተንሳፎ እጁን ያንሳ። በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ድንገት የወደቀም እንዲሁ ነው፦ ቅዝቃዜው ሳይወድ ያስተነፍሰዋል፣ ትንፋሹ እስኪረጋ በጀርባው ቢንሳፈፍ ይሻለዋል።

ታዳጊዎች ሌላ ዓይነት ችግር አለባቸው፤ ወንዶች ልጆች በተለይ። ጥልቀቱን ሳያውቁ በጭንቅላት መዝለል አንገት ይሰብራል። ብዙም የማይነገርለት ደግሞ ትንፋሽ የመያዝ ውድድር ነው። ለመተንፈስ የሚያስገድደን በዋናነት የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጨመር ነው። ከመጥለቁ በፊት ደጋግሞ በፍጥነት የተነፈሰ ልጅ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አራግፎ ይገባል፤ ስለዚህ የመተንፈስ ግፊት ሳይሰማው ኦክስጅኑ ያልቅና ውሃ ውስጥ እንዳለ ራሱን ይስታል። ጎበዝ ዋናተኞችን የሚገድለው አንዱ ይህ ነው፣ ጓደኞቹም እያሸነፈ ይመስላቸዋል። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅም መዋኘት ይችላል፤ ነገር ግን እሱን ብቻ የሚያይ፣ ከውሃ ሊያወጣው የሚችል ሰው አጠገቡ ሊኖር ይገባል። ቤት ውስጥ ደግሞ ገንዳ ውስጥ ተኝቶ ከመታጠብ ሻወር ይሻላል።

አደጋው ቢደርስ የመጀመሪያው ሩጫ ወደ ውሃው መሆን የለበትም። ልጃቸውን ለማውጣት ገብተው አብረው የሰጠሙ ወላጆች ብዙ ናቸው። እንጨት፣ ነጠላ፣ ቀበቶ ያቀብሉ፤ የሚንሳፈፍ ነገር ይወርውሩ፤ ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን እንኳ ሰው ያንሳፍፋል። ዳር ላይ ተጋድመው ቢያቀብሉ መሳብን ይቋቋማሉ። የድረሱልኝ ጥሪው ወዲያው ይሰማ።

ከወጣ በኋላ ምላሽ የማይሰጥና በደንብ የማይተነፍስ ከሆነ፣ ቅድም ያልነው ቅደም ተከተል እዚህ ይሠራል፦ ያጣው አየር ነው፣ የሚቀድመውም አየር ነው። እግሩን ይዞ ዘቅዝቆ ማንጠልጠል፣ ሆዱን መጫን፣ «ውሃው ይውጣለት» ማለት የሚባክን ደቂቃ ነው፤ ማስመለስን አስከትሎም ትንፋሹን የባሰ ይዘጋዋል። በጀርባው አስተኝተው ግንባሩን ወደ ኋላ፣ አገጩን ወደ ላይ ያድርጉ። አፍንጫውን ይዘው አፉን በአፍዎ ገጥመው ደረቱ ከፍ እስኪል በቀስታ ይንፉ፤ ለጨቅላ ሕፃን አፍና አፍንጫውን አንድ ላይ ይሸፍኑ። የአውሮፓው መመሪያ በ5 ትንፋሽ፣ የአሜሪካው በ2 ይጀምራል፤ ዋናው በትንፋሽ መጀመሩ ነው። ካልነቃ የደረቱን መካከል፣ የደረቱን ውፍረት ሲሶ ያህል በሚያወርድ ኃይል፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ፍጥነት 30 ጊዜ ይጫኑ፣ ከዚያ 2 ትንፋሽ፣ እንደገና 30። ሰው ካለ አምቡላንስ ይጥራ፤ ብቻዎን ከሆኑ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው ሥራዎን አያቋርጡ። ከአፉ አረፋ ቢወጣ ለመጥረግ አይቁሙ፤ ቢያስመልስ ግን ወደ ጎን አዙረው አፉን አጽድተው ይቀጥሉ። ይህን በጽሑፍ ማንበብ እጅን አያሠለጥንም። ቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ ማኅበራት በብዙ አገሮች ሥልጠናውን ይሰጣሉ፤ ወላጅም፣ አያትም፣ ሞግዚትም ቢወስዱት ጥሩ ነው።

ትንፋሽ የተሰጠው ልጅ ቢነቃና ቢስቅም ሆስፒታል ይሄዳል። ራሱ ነቅቶ የወጣ ቢሆንም ሳሉ ካልቆመ፣ አተነፋፈሱ ከፈጠነ፣ ሲተነፍስ የጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ያለ ሰዓቱ እንቅልፍ ከጣለው ወይም ካስመለሰው እንዲሁ። የሳንባ ችግር ካለ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይታያል፤ ሐኪሞችም አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ያቆዩታል። ገንዳ ውስጥ ትንሽ ውሃ ትን ብሎት አስሎ ወደ ጨዋታው የተመለሰ ልጅ ከቀናት በኋላ ድንገት «በደረቅ መስጠም» ይሞታል እየተባለ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዞረው ወሬ ግን የሕክምና መሠረት የለውም። በ2002 እ.ኤ.አ. በአምስተርዳም የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ያንን ስያሜ እንዲቀር መክረዋል። ደህና ሲተነፍስ፣ ሲበላና ሲጫወት ውሎ ያደረ ልጅ ደህና ነው፤ ወላጁም ሌሊቱን ትንፋሹን ሲቆጥር ማደር የለበትም።